አባቴን በሦስት ስም ስንፈልገው

ባለፈው ክረምት ባሕር ዳር ላይ ድንገት ዝናብ ጣለና ከልጅ ልጄ ከቤዛ ጋር አንድ ልባሽ ጨርቅ የሚሸጥበት ሱቅ ደጅ ተጠለልን። ባለሱቁ ውጭ የዘረጋውን ልብስ ለማሸሽ ሲሯሯጥ አንድ ረጅም የወታደር ካፖርት አምጥቶ ከራሴ በላይ ሰቀለው። ርሷል። የረጠበ ሱፍ ሽታ፣ ውስጥ ውስጡን የቆየ ትንባሆ ያለበት፣ ቁልቁል መጣብኝ። ሰማንያን ካለፍኩ ቆየሁ፤ ትናንት ምን እንደበላሁ የሚጠፋኝ ሰው ነኝ። ያን ሽታ ግን ወዲያው ዐወቅሁት። ደብረ ታቦር የነበረው የባሻ ዘለቀ ቢሮ ሽታ ነው። ዐይኔን ጨፈን አድርጌ ቆምኩ። ቤዛ ያመመኝ መስሏት ክንዴን ያዘች። ደኅና መሆኔን ስነግራት ደግሞ ሰሞኑን የያዛትን ነገር አነሣችብኝ። የዘር ሐረጋችንን እየሰበሰበች ነው፤ ከሰውም ትጠይቃለች፣ ከስልኳም ትፈልጋለች።

«እማማ፣ የአባትዎን ስም በወታደርነት የተጻፈበት ቦታ ብፈልግ ባስፈልግ አጣሁት እኮ» አለችኝ።

«በየትኛው ስማቸው ፈለግሽ?»

«ስንት ስም ነበራቸው?»

ሳቄ መጣ። ይህንኑ ጥያቄ እኔና እናቴ በእግራችን ስንት አገር ዞረን ነው የመለስነው። ዝናቡ እስኪያባራ ጀመርኩላት፤ ቤት ገብተንም አላለቀም። ይጻፉት ብትለኝ ደግሞ ይኸው ተቀመጥኩ።

የእኛ መንደር ስማዳ ነው፤ ከወገዳ ወጣ ብሎ ወደ ጋይንት የሚያደላው ዳገት ላይ። ገብስና ባቄላ የሚወጣበት፣ ጥቅምት ላይ ነፋሱ ጆሮ የሚቆርጥበት አገር ነው። ወገዳ ያኔ ይኼ ነው የሚባል ከተማ አልነበረም፤ ለእኔ ግን የዓለም መጨረሻ እሱ ነበር። ገበያው መሐል አቡጀዴ የሚሸጥ ነጋዴ ጨርቁን ከክንዱ እስከ ጣቱ ጫፍ እየለካ ሲቀድ የሚወጣውን ድምፅ እስካሁን እሰማዋለሁ። በስሙኒ ሻሽ ይገዛ ነበር፤ አበባ ያለበት ቀይ ሻሽ። ብሩን በወረቀት ሲሰጧቸው «ይኼን አይጥ ይበላብኛል» ብለው ጠገራ ካልሆነ ጊደራቸውን ይዘው የሚመለሱ ሽማግሎች ነበሩ። በጥምቀት እኛ ኮረዶች በአንድ ወገን፣ ጎረምሶቹ በሌላው ሆነን ስንዘፍን እነሱ ወደ ፉከራ ይዞሩብናል፤ አንዱ የአባቱን ጀግንነት ይጠራል፣ ሌላው የአያቱን። ያኔ እኔ ድምፄን ዝቅ አደርጋለሁ። የምጠራው አልነበረኝም።

አባቴ ቢተው ይባላል። የጣልያን ጦር መጣ ተብሎ አዋጅ በተለፈፈ ሰሞን እናቴ እኔን አርግዛ ነበር። ከአገሩ ሰው ጋር ዘመተ፤ አልተመለሰም። የተመለሱት ሰዎች ወሬ ደግሞ አንዱ ከአንዱ አይገጥምም። አንዱ ወንዝ ዳር ሲወድቅ አየሁ ይላል። ሌላው ወሎ ገብቶ ሚስት አግብቷል ይላል። ከሁሉ የከፋው ግን ማን እንደጀመረው የማይታወቀው ነበር፤ ቢተው ለጠላት አድሯል የሚለው።

እናቴ አንጓች እንግዲህ የምትሆነውን ዐጣች። የሞተበት ሰው ያለቅሳል፣ ጸጉሩን ይላጫል፣ ተዝካር አውጥቶ ዕርሙን ያወጣል። የከዳው ሰው ደግሞ ተራግሞ ሌላ ያገባል። እሷ ጸጉሯን አልተላጨች፣ አልተሠራችም፤ እንዲሁ በሻሽ ጠቅልላው ኖረች። የነፍስ አባታችን መምሬ አስረስ ፍትሐት ይደረግለት ብላ በለመነቻቸው ቁጥር «ልጄ፣ ለሕያው ፍትሐት እንዴት አደርጋለሁ? አንዱን አረጋግጪልኝ» ይሏታል። ገበያ ስትወጣ ቦታዋ አንድ ነው፤ የጋይንቱና የእስቴው መንገድ የሚገናኙበት ወይራ ሥር። ሽንኩርቷን ዘርግታ ትቀመጥና የሩቅ አገር ሰው ሲያልፍ የአባቴን ስም በእኔ እያስጠራች ትጠይቃለች። መንገደኞቹ እየለመዷት ሳትጠይቃቸውም «አልሰማንም እናቴ» ብለው ያልፉ ነበር።

እኩዮቼ ሁሉ አግብተው ሲያልቁ እኔ ቀረሁ። በኋላ ከእስቴ አንድ ሽማግሌ መጣ። የታጨልኝ ልጅ አዳነ ይባላል፤ ቤተ ክህነት ተምሮ መምህርነት ሊቀጠር ያለ፣ ካኪ ኮት የሚለብስ። ወገዳ ገበያ ላይ ከሩቅ አይቼዋለሁ፤ ኮቱ ትከሻው ላይ ሰፋ ያለው መሆኑን ሁሉ አይቻለሁ። ቀጥሎ አባቱ አቶ ካሴ ራሳቸው መጡ። ደህና ተጨዋውተው፣ ጠላቸውን ጠጥተው ሲያበቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እመት አንጓች፣ በልጅቱ ነገር የለንም። በቤትሽም ነገር የለንም። የአባቷ ነገር ግን ይነገራል። እንዲያው ይጣራልን።»

እኔ ጓዳ ሆኜ እሰማለሁ። እናቴ ትቆጣለች ብዬ ነበር። አልተቆጣችም። «ይጣራ» አለቻቸው። «እኔም እስከ ዛሬ የኖርኩት እሱኑ ሳጣራ ነው። ከገበያ መቀመጤ ነው ስሕተቱ። እሄድለታለሁ።»

ያኔ አንዲት ሴት ከነልጇ እንዲያ ያለ መንገድ ትሄዳለች ማለት ቀላል አልነበረም። እናቴ ግን ምርቱ እንደተሰበሰበ ለጎረቤት ከብቶቹን አደራ ሰጠች፤ በሶና ዳቦ ቆሎ ቋጠርን፤ ከጨው ነጋዴዎች ኋላ ኋላ እየሄድን በእስቴ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ወጣን። የአርበኞች ስም እዚያ ተጽፎ ይገኛል የሚል ሰምታ ነበር። እስቴ ስንደርስ የአቶ ካሴ ቤት ከመንገዱ ቅርብ ነው፤ እናቴ ግን ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አድርጋ አለፈች። «ስንመለስ እንገባለን» አለችኝ፤ «በእጃችን የምንናገረው ሲኖር።» ያደርንበት ቤት ባለቤት እግራችንን አጥባ፣ አብልታ፣ እናቴ ምን ልክፈል ስትላት «የመጣችሁበትን ያሳካላችሁ» ብላ ሸኘችን። ስሟን ሳልጠይቃት መሄዴ እስካሁን ይቆጨኛል። ዛሬ ያንን መንገድ ልጆቼ በመኪና ሲያልፉት አቧራውን ያማርራሉ፤ እኔ አቧራውን ሳይ ትዝ የሚለኝ በየቤቱ ደጃፍ «እደሩ፣ እደሩ» የሚለን ሰው ነው።

ደብረ ታቦር የገባን ቀን የቆርቆሮ ቤት በብዛት ያየሁበት ቀን ነው። ፀሐይ ሲያርፍበት ዐይን ይወጋ ነበር። ባለ ስፌት መኪና ልብስ ሰፊዎች በረንዳ ላይ ተደርድረው ይሰፋሉ፤ አንዱ ሻይ ቤት ውስጥ ግራሞፎን ይዘፍናል፤ እናቴ ሰውየው ሣጥኑ ውስጥ እንዴት ገባ ሳትል እኔን ግን «አትይው» ብላ ጎተተችኝ። እየጠየቅን ጽሕፈት ቤቱ ደረስን። ከፊታችን ብዙ ሰው አለ፤ ሜዳሊያ ደረቱ ላይ የሰካ አለ፣ እጁ የተቆረጠ አለ፣ እንደ እኛ ያለች ሴትም አለች። ተራችን ሲደርስ ያገኘናቸው ባሻ ዘለቀ ናቸው። ጢማቸው የሸበተ፣ አንድ እግራቸው ሸብረክ የሚል። እሳቸውም በዱር የኖሩ ሰው ናቸው። ካፖርታቸው ከበሩ ኋላ ተሰቅሎ ቤቱን ሁሉ ያን ሽታ ሞልቶታል።

«ይቀመጡ እመቤቴ። ማንን ነው የሚፈልጉት?»

እናቴ መሬት መሬት አየች። የባሏን ስም በአፏ ጠርታ አታውቅም፤ በእኛ አገር ሚስት የባሏን ስም አትጠራም። «የቤቱን ጌታ» አለች።

ባሻ አልሳቁም። ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ አንቺ ንገሪኝ።»

«ቢተው አለሙ፣ ከስማዳ።»

ፈለጉ። በዚያን ቀን አጡ፤ ነገ ተመለሱ አሉን፤ በማግሥቱም አጡ። የስማዳ ሰው የተጻፈበትን ሁሉ ጮክ ብለው እያነበቡ ያወርዳሉ፤ እናቴ ስም በተጠራ ቁጥር እንደ መቁጠሪያ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች። ሲያልቅ ቢተው የለም። ከዚያ የጽሕፈት ቤቱ ሰዓት አልቆ፣ ሌላው ሰው ሁሉ ሲወጣ፣ እኛም ልንነሣ ስንል ባሻ ብዕራቸውን አስቀመጡ።

«እመቤቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሰው ጦር ሜዳ ሲገባ እናቱ ያወጣችለት ስም ይቀርበታል። አለቃው በሚጠራው ነው የሚታወቀው። እኔን ራሴን እዚያ ዘለቀ ብለው ቢጠሩኝ የሚዞር አልነበረም። ሲዘምቱ ምን ተብለው ይጠሩ ነበር?»

እናቴ ፊቷ ቀላ። ወደ ጆሮዬ ተጠጋች። የወጡበት ዕለት የጦሩ አለቃ ከበቅሎው ላይ ሆኖ «ጎበዜ! ጎበዜ ወዲህ ና!» ሲለው ሰምታለች፤ አባቴ ወደ እሷ ዞሮ እየሳቀ ሄደ። ያንን ስም ለማንም ነግራ አታውቅም። የእሷ የመጨረሻ ዕቃ እሱ ነበር መሰለኝ። እኔ ጮክ ብዬ «ጎበዜ» አልኳቸው።

ባሻ ወረቀቱን ወደ ኋላ መለሱ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ ቦታ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው አነበቡ። ከአንድ የጋይንት አርበኞች አለቃ የቀረበ ነው። «ጎበዜ፣ የስማዳው። በበጎ የተዋጋ። ቆስሎ ቤተ ልሔም ለካህናት አደራ የተሰጠ።» ሌላ የለውም። ሞተም፣ ዳነም አይልም።

እናቴ «ድገሙልኝ» አለቻቸው። ደገሙላት። «በበጎ የተዋጋ» የሚለውን ሦስተኛ አስደገመቻቸው። እኔ በዚያች ቅጽበት ስለ አዳነ አላሰብኩም ብል ውሸት ነው፤ አሰብኩ። ግን ከእሱ በፊት ያሰብኩት በጥምቀት ዝቅ የማደርገውን ድምፄን ነው። ባሻ ያችን መሥመር በጥሩ ጽሕፈት ገልብጠው፣ ማኅተም አስመትተው ሰጡን። እናቴ ቋጠሮዋን ፈታ አንድ ብር ልትሰጣቸው ስትዘረጋ እጇን መልሰው ዘጉት። «ለእኔ ቤትም እንዲህ የሚፈልግ ሰው ቢኖር ደስ ይለኛል» አሉ። ነፍሳቸውን ይማር፤ ዳግመኛ አላየኋቸውም።

ከደብረ ታቦር ጋይንት ወዳለችው ወደ ቤተ ልሔም ደብር መንገድ ጀመርን። በኋላ እናቴ አንድ ዳገት አናት ላይ ቁጭ ብላ ወደ ደቡብ አየች። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበርና ከሩቅ የስማዳ ተራሮች ይታያሉ። «እዚህ ነበር?» አለች። «ከዚህ እኮ የእኔ ደጅ የትና የት ነው? ጧት ከወጡ በማግሥቱ የሚገባበት ነው እኮ!» ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ በሶ በጠበጥኩላት፤ አልጠጣችም።

ቤተ ልሔም ስንደርስ የድጓ ተማሪዎች በየዛፉ ሥር ተቀምጠው ያዜማሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ነው የተቀበለን። አንድ ዐይናቸው የደከመ መሪጌታ አገኘንና ወረቀቱን አነበብኩላቸው ማለት አልችልም፤ ያኔ ፊደል አልቈጠርኩም፤ ግን በቃሌ ይዤው ነበር፤ አልኩላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ጎበዜ የሚባል አላውቅም። ቢተውም አላውቅም። በዚያ ክፉ ዘመን ከስማዳ የመጣ ቁስለኛ ግን አንድ ነበር። ወይዘሮ ደብሬ ቤት ነው የተኛው። ወደዚያ ሂዱ።»

ወይዘሮ ደብሬ ቤቷ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ነው። እኛ ስንደርስ ግቢ ውስጥ ስንዴ ታበጥራለች። ረጅም፣ ጠይም፣ ከእናቴ ጥቂት የምታንስ ሴት። የመጣንበትን ስትሰማ ሰፌዱን አስቀመጠች። እናቴን ትክ ብላ አየቻት።

«የክርስትና ስሙ ማን ነው?»

«ወልደ ጊዮርጊስ» አለች እናቴ፤ ይኼን ስም ለጸሎት ትጠራዋለች።

ወይዘሮ ደብሬ እዚያው ስንዴው አጠገብ ቁጭ አለች። «የት ነበርሽ?» አለቻት። «እኅቴ፣ የት ነበርሽ እስከ ዛሬ?»

እንዲህ ነው የሆነው። አባቴን ጓደኞቹ ሌሊት ተሸክመው አምጥተው ለካህናቱ ሰጧቸው፤ እነሱ ደግሞ ለዚህች ያኔ ገና ሙሽራ ለነበረች ሴትና ለባሏ። ጠላት የአርበኛ ቤት እያጣራ ያቃጥል ስለነበር አባቴ የቤት ስሙንም፣ የመንደሩንም ስም አልተናገረም። የክርስትና ስሙን ብቻ ሰጣቸው፤ ስማዳ ብቻ አላቸው። ቁስሉ ሆዱ ላይ ነበር። በፍልሰታ ጾም ውስጥ ዐረፈ። ካህናቱ ፈትተው ቀበሩት። አገር ሲረጋጋ ወይዘሮ ደብሬ አርብ ገበያ በወጣች ቁጥር «ወልደ ጊዮርጊስ የሚባል ዘማች የቀረበት የስማዳ ቤት ታውቃላችሁ?» እያለች ትጠይቅ ነበር። በክርስትና ስሙ ማን ያውቀዋል? እናቴ ወገዳ ላይ ቢተውን ትጠይቃለች፤ እሷ አርብ ገበያ ላይ ወልደ ጊዮርጊስን ትጠይቃለች። ሁለቱ ሴቶች በሁለት ገበያ አንድ ሰው ሲፈልጉ ኖሩ።

በየዓመቱም በዐረፈበት ቀን ዝክር ትዘክርለት ነበር። ባሏ ሞቶ፣ እህል ጠፍቶ፣ እሷ አላቋረጠችም። «ሰው የሌለው ሰው እንዳይሆን ብዬ ነው» አለች።

መቃብሩ ቤተ ክርስቲያኑ ሥር፣ ጽድ ያለበት ነው፤ ድንጋዩ በሥርዓት ተከቧል፣ ሣር አልዋጠውም። እናቴ ቆመችና ያንን የስንት ዓመት ሻሽ ከራሷ ፈታችው። ጸጉሯ ወርዶ ወገቧ ላይ ደረሰ፤ ሽበት መሆኑን ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ከዚያ ድምፅዋን አወጣች፤

«ሩቅ አገር ነው ብዬ ዓመት ስጠብቅህ፣
ለካስ ጋይንት ኖሯል የአንድ ጀምበር ቤትህ።»

ወይዘሮ ደብሬ ተቀበለቻት። ተማሪዎቹ ዜማቸውን አቁመው መጡ። የማያውቁት ሰው ለማያውቁት ሰው እንዲያ ሲያለቅስ እኔ ከዚያ በፊት አላየሁም። እናቴ እስኪደክማት አለቀሰች፤ ከዚያ እንደ ሕፃን ተኛች። ማምሻውን እንጀራ ቆርሳ በላች። ስትበላ ያየሁት አበላል፣ አንድ ከባድ ሸክም አውርዶ የተቀመጠ ሰው አበላል ነው።

እሳት ዳር ተቀምጠን ሳለ እናቴ «የተናገረው ነገር አለ?» ብላ ጠየቀቻት።

«አለ እንጂ። እርጉዝ ትቻት ነው የመጣሁት፣ ይኼኔ ወልዳለች ይል ነበር። ወንድ ከሆነ እሷ ትሰይመው፤ ሴት ከሆነች ግን ሰላሜ በሉልኝ አለ። ሰላሜ። አደራ ብሎኝ ነው የሞተው። ልነግርሽ ብፈልግሽ አጣሁሽ።» ወይዘሮ ደብሬ እሳቱን ቆሰቆሰች። «ስሙ መሬት ወድቆ እንዳይቀር ፈራሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ እኔም ሴት ስወልድ ለእሷ አወጣሁት። አንቺ ሰላሜ! ወዲህ ነይ።»

ከጓዳ አንዲት ጠይም ልጃገረድ ብቅ አለች። እጇ ሊጥ ነክቶታል። እናቴ ተነሣችና ያንን ሊጥ ያለበትን እጅ ይዛ ሳመችው።

«የአባቷ አደራ ነውና ስሙን ለልጅሽ ውሰጂላት» አለች ወይዘሮ ደብሬ። የምሯን ነበር።

«እንዴት ብዬ!» አለች እናቴ። «ስሙ እዚሁ አድጓል፤ እዚሁ ይኑር። እኔ ይታይሽ ያልኳት አባቷ ይታያት ብዬ ነው፤ ዛሬ ታይቷታል። ልጅሽን ግን ለልጄ እኅት ስጪኝ።»

ተሰጠች። መቼም እግዚአብሔር የሚሰጠው በየት በኩል እንደሚመጣ አይታወቅም። የአባቴን ተዝካር እዚያው ቤተ ልሔም አወጣን፤ መምሬ አስረስ ከስማዳ ድረስ በበቅሎ መጡ። አቶ ካሴም ከእስቴ መጡ። የባሻ ዘለቀን ወረቀት አዳነ ሲያነብላቸው ባርኔጣቸውን አወለቁና ወደ እናቴ ሄደው ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። ትከሻቸውን ይዛ አቀናቻቸው። «እርስዎ ባይጠይቁ እኔ ከወይራው ሥር አልነሣም ነበር» አለቻቸው፤ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ።» ያኔ ለሽሙጥ መስሎኝ ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋ የገባኝ ከልቧ እንደነበር ነው፤ እኔም ዛሬ አማቴን ሳስብ ከዚያ ጥያቄ የመጣልኝን ነው የምቆጥረው።

በዚያው ዓመት አገባሁ። ፊደል ያስቈጠረኝ አዳነ ነው፤ ይኼን የምጽፈውም በእሱ ነው። ለሠርጌ ሰላሜ ሚዜ ሆና ከጋይንት መጣች፤ ቀሚሳችን ከአንድ ጣቃ ነበር የተቆረጠው፤ ጥልፉን ደብረ ታቦር በረንዳ ላይ ከሚሰፉት አንዱ ነው የሠራው፤ አረንጓዴና ወርቃማ። ሰው ሁሉ መንታ ናቸው ወይ እያለ ይስቅብን ነበር። እሷ ቀልደኛ ናት፣ እኔ ዝምተኛ። ልጆቻችን የአክስት ልጆች ነን ብለው ነው ያደጉ፤ ቤዛም በስልኳ ሐረጉን ስትስል እነሱን የት ላስገባቸው ብላ ተቸግራ ነበር። ከእኔ ጎን አስገቢያቸው አልኳት።

እናቴ ከዚያ በኋላ ብዙ ኖረች። ጸጉሯን ተላጨች፣ ደግሞ አሳደገች፣ ደግሞ ተሠራች። ገበያ መውጣቷን አልተወችም፤ ግን ከመንገደኛ ጋር ስታወራ ስለ ዋጋና ስለ ዝናብ ሆነ ወሬዋ። ሲያማት «ስማዳ አትቅበሩኝ፤ ወስዳችሁ ከእሱ ጎን አድርጉኝ» አለች። ስታርፍ በወሳንሳ ተሸክመን፣ ሰው በየመንደሩ እየተቀባበለን፣ ቤተ ልሔም አደረስናት።

ሥርዓቱ ሲያበቃ አንድ አዲስ የመጡ ወጣት ቄስ፣ ማንንም የማያውቁ፣ ሊያጽናኑ ወደ ለቀስተኛው ዞሩ።

«የሟች ልጅ የትኛዋ ናት?» አሉ።

እኔና ሰላሜ እኩል ብድግ አልን።